ስድስት ዓመት በካልሲ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ጤንነትሽን የምጠይቀው ለደንቡ ያህል ነው፤ ጆሮሽን ግን ከልቤ እጠይቃለሁ። ሁለቱም በቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፦ አነሳለሁ። ችግሩ መስመሩ ነው። ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሦስቴ «እ?» ካልኩ በኋላ አራተኛውን መድገም ለሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው አይመጥንም። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ ውስጥ ማንም አያጉተመትምም።

አንተ ጋ ልረፍ ወይ ላልሽው ደግሞ፦ ምን ጥያቄ አለው፣ ቤቱ ያንቺም ነው። የምትመጪበትን ጉዳይ ግን ደጅ አራግፈሽው ግቢ። በኅዳር፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባዶ የዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ ሦስት ሺህ ጎልማሳ ተሰብስቦ ሊጮኽበት! ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር አደጋ ይለዋል፤ እናንተ ኮንሰርት ትሉታላችሁ።

ባለፈው ዓመት የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ከሥራ ስመለስ እዚያው መጋዘን በር ላይ ተሰልፈው አይቻቸዋለሁ። ሁሉም ጥቁር ቲሸርት ለብሰዋል፣ ቲሸርቱ ላይ ሁሉ የራስ ቅል አለ። ዝናብ ሲያካፋ ሁሉም ጃንጥላ ዘረጉ። ሞትን ይህን ያህል የሚወድ ሕዝብ ጉንፋን መፍራቱ ገርሞኛል። አንዱ፣ ጺሙ ደረቱ ድረስ የወረደ፣ ክንዱ ላይ እባብ የተነቀሰ፣ «ጋሼ፣ ሳጥንዎን ልያዝልዎት» ብሎ እጆሮዬ ሥር ጮኸብኝ። ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመው አሉኝ። የራሱን ድምፅ መስማት ያቃተው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

የእኔ ወሬ አጭር ነው። ታኅሣሥ 10 የፒያኖ ውድድሩ እኔ በምሠራበት የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ይካሄዳል። ትልቁን ፒያኖ እንደ ወትሮው የምቃኘው እኔ ነኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ስለ ላይኛዎቹ ቁልፎች አንድ ማስታወሻ ጽፋልኛለች። እንዲያው ማስታወሻ ነው። ምን ይላል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ለጋሼ፤

ጆሮዬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋብሪካው በየዓመቱ ያስመረምረናል። ባለፈው ወር ነርሷ ወረቀቱን አየችና «ሃያ ሁለት ዓመት ኮንሰርት የሄደ ሰው ጆሮ እንዲህ አይደለም፤ ዋሽተሽኛል» አለችኝ። አልዋሸሁም። ሃያ ሁለቱንም ዓመት የጆሮ መድፈኛ አድርጌ ነው የሄድኩት። ቶርኖ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ጆሮውን እንደ ጣቱ ነው የሚጠብቀው። የመቁረጫው ብረት ሲደነዝዝ እኔ ከማየቴ በፊት እሰማዋለሁ፤ ድምፁ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ካልሰማሁ አንድ ቀን ሙሉ የሠራሁት ዕቃ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይጣላል።

ከዚያ ጩኸት ምን ታገኛለሽ እያልክ ሁሌ ለምትጠይቀኝ፦ ከጆሮ አይጀምርም። ድራሙ መጀመሪያ ሆድህን ነው የሚያገኘው። ጊታሩ ሲገባ ሸሚዝህ ደረትህ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ነፋስ ሳይኖር። ከዚያ ድምፃዊው አፉን ሲከፍት፣ አንተ ሳምንቱን ሙሉ ለአለቃህ ያላልከውን ሁሉ እሱ ይልልሃል። ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቆመው ግዙፍ ሰውዬ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነው። «እኔ እዚህ የምመጣው ልረጋጋ ነው» ይላል።

አሁን ስለ አንተ ሰዎች ልናገር። አንድ ጊዜ አዳራሽህ ውስጥ አጠገብህ አስቀምጠኸኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ከረሜላ መላጥ ጀመሩ። እንዳይሰማባቸው ብለው ቀስ አድርገው፣ ሰባት ደቂቃ ላጡት። ረድፉ በሙሉ ዞሮ ሳያያቸው፣ በማጅራቱ ብቻ ጠላቸው። እንደዚያ ያለ ጥላቻ በእኛ በሜታል ሙዚቃ ኮንሰርት አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ቢሆን «እማማ፣ አንድ ይስጡኝ» ነበር የሚባሉት።

ደግሞ ጩኸት መውደዴ ከየት መጣ ብለህ ትገረማለህ። ከአንተ ነው የመጣው። ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ቤታችን ውስጥ በካልሲ ነው የሄድኩት። «ዝም በይ፣ ወንድምሽ ጆሮውን እያሠለጠነ ነው» እባል ነበር። ገመድ አልዘለልኩም፤ በር አልዘጋሁም፤ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ እነክስ ነበር። ስድስት ዓመት። ያጠራቀምኩትን ጩኸት ገና አልጨረስኩትም።

እንዳትጠይቂኝ ስላልከኝ እጠይቃለሁ፦ ማስታወሻው ምን ይላል?

እህትህ


ጥቅምት 23

ለእህቴ፤

ካልጠየቅሽ አታድሪ። ማስታወሻው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ላይኛዎቹ ቁልፎች ከልክ በላይ ከፍ ብለው ይቃኛሉ ሲሉ ሦስት ፒያኒስቶች በተለያየ ጊዜ አመልክተዋል።» ሦስት ፒያኒስቶች! አንዱ እየተጫወተ የሚያንጎራጉር ነው፤ ሁለተኛዋ ወንበሩ ከፍ አለ ዝቅ አለ እያለች ሕይወቷን የጨረሰች ናት፤ ሦስተኛው ጣቱ እንዳይጎዳበት ሰላም ሲል ሁለት ጣት ብቻ የሚሰጥ ሰውዬ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ የሚመዘነው በእነዚህ ምስክርነት ነው።

ለውድድሩ ይኸው ነገር ከተደገመ «ሌላ አማራጭ እናያለን» ብላለች። አማራጩን አውቀዋለሁ። ድምፅ የሚለካ ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ፣ የስልኩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን አውታር የሚያጠብቅ አንድ ሰውዬ አለ። አንተም ለምን እንደሱ አትሠራም ብለሽኛል ካሁን ቀደም። በስልክ የተቃኘ ፒያኖ ስህተት የለበትም። የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጽም ስህተት የለበትም፤ ቁጭ ብሎ የሚያጣጥመው ግን አላየሁም። ያ ሰውዬ በእኔ ፒያኖ ላይ ከተቀመጠ ሳጥኔን ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የምሠራው ሌላ ነገር የለኝም። ይህን ያልኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባሽ ነው።

ሁሌ ስለምታነሺብኝ የጆሮ ሐኪም፦ ጆሮዬ የሥራ መሣሪያዬ ነው፤ መሣሪያዬን ለማንም አላስነካም። ደግሞስ ምን አግኝቶት ይታመማል? እድሜዬን ሙሉ ጸጥታ ውስጥ ነው የሠራሁት። የምሰማው ትልቁ ድምፅ እኔው ራሴ ቁልፉን ስመታ ነው። መምህሬ «አውታሩ እንዲረጋ በኃይል ምታው» ይለኝ ነበር፤ እመታዋለሁ። ለአንድ ፒያኖ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል፣ ጆሮዬን ወደ አውታሩ አስጠግቼ። ከዚያ ውጭ ሁሉም ጸጥታ ነው።

ላይኛውን ጫፍ በተመለከተ፣ ከማንም የተሻለ መነሻ ድምፅ አለኝ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ የሙያ ምስጢር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሎኝ አያውቅም።

ስለ ካልሲው አላስታውስም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር እንዴ?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፤

ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። አዎ፣ ቀዝቃዛ ነበር።

«ለአንድ ፒያኖ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል፣ ጆሮዬን ወደ አውታሩ አስጠግቼ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ለፋብሪካችን የደህንነት ሠራተኛ አነበብኩለት። ሻዩን አስቀመጠ። «ያለ መድፈኛ?» አለ። ያለ መድፈኛ አልኩት። «ስንት ዓመት?» ሠላሳ አንድ። የሥራ ቆብ ባለማድረጉ ካልሆነ በቀር በሰው ተናዶ የማያውቅ ሰውዬ ነው፤ «ይኼ ወንድምሽ እዚህ ቢሠራ ኖሮ ከነመፍቻው አባርረው ነበር» አለ።

አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው አንተ ጋ ሳለሁ የሻይ ማንቆርቆሪያው በሚያፏጭበት ጊዜ ሁሉ ከሳሎን ሮጬ የማወርደው እኔ ነበርኩ። አንተ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ትኩረትህ የሚያስደንቅ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከአንተ ጋር የማርፈው በአንድ ስምምነት ነው፤ ኮንሰርቱ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ትኬትህ እጄ ላይ ነው። ከመጣህ ስለ ሐኪም ዳግመኛ አላነሳብህም። ከቀረህ በየሳምንቱ እጽፍልሃለሁ፣ በትልልቅ ፊደል። ምቹ ጫማ አድርግ። ክራባት አታድርግ። ክራባት አድርገህ ከመጣህ ግን ማንም ምንም አይልህም፤ ወንበር ነው የሚፈልጉልህ። መድፈኛውን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ። ሰዎች መሐል ላይ ክብ ሠርተው ሲጋፉ ካየህ ጠብ አይደለም፤ ፖሊስ እንዳትጠራ።

እህትህ


ኅዳር 18

ለእህቴ፤

አውቶቡስሽ በደህና እንዳደረሰሽ ጽፈሻል፤ ደስ ብሎኛል። ለጥያቄሽ መልሱ ይኸውልሽ፦ አልወደድኩትም።

በዝርዝር ካስፈለገሽ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜአለሁ። የመጀመሪያው ቡድን ድምፃዊ ጥርሱን ያመመው በሬ ይመስል ነበር፤ በሬው ሲያገሳ ግን ሦስት ሺህ ሰው ቃል ሳያዛንፍ አብሮት አገሳ። ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በምን እንደሚለይ አልገባኝም፤ አንቺ «ይሄኛው ለስላሳ ነው» ብለሽኛል፤ ቃልሽን አምኜ አልፌአለሁ። ሦስት ሺህ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ ሊሰማ መምጣቱን ለኃላፊዋ ብነግራት ለእረፍት ትልከኛለች። ጊታሮቻቸው፣ ይህንን ለማንም እንዳትናገሪ፣ በትክክል የተቃኙ ነበሩ። ሰው ሊሰማው ከሚገባው በላይ ወደ ታች ወርደው ነው እንጂ፣ ልክ ነበሩ። ታች ያለውን ነገር ሁሉ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። እንዲያ ጥርት ያለ ነገር ከሰማሁ ቆይቼአለሁ፤ ይኼም ያናድዳል።

የመነጽሬን ነገር እንደ ትልቅ ታሪክ ለማንም እንዳታወሪ። ወደቀ፤ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ሃያ ሰው እጁን ዘርግቶ ክብ ሠርቶ ነው የጠበቀው። ያ ባለ እባቡ ሰውዬ፣ የባለፈው ዓመቱ፣ በአራት እግሩ ሄዶ አነሳው፤ ቲሸርቱ ላይ፣ ራስ ቅሉ ግንባር ላይ፣ ጠርጎ ሰጠኝ። አዳራሻችን ውስጥ መፍቻዬ ሲወድቅ ሰዎቹ ጫማቸውን ነው ሰብሰብ የሚያደርጉት። ይህን የምልሽ ለማወዳደር አይደለም። እኒያ ሰዎች አሁንም ቀሽሞች ናቸው። ደግ ቀሽሞች ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለጠቅላላ እውቀት ያህል። በር ላይ ስንወጣ ባለ እባቡ «ዛሬ አንዱ መድፈኛ ወልቆብኝ ጆሮዬ ያፏጫል» አለሽ። «እንዴት ያለ ፉጨት?» አልኩት። ጮክ ብሎ፣ ፊቴን እያየ፣ «ቀጭን ነው ጋሼ፤ ከላይ፣ የማያቋርጥ። እስከ ነገ ይለቀኛል» አለኝ። አንቺም «ይበልህ!» ብለሽ ሳቅሽ፤ ነገሩ አለፈ።

ለመሆኑ አንቺ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ፣ ምን ትሰሚያለሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ለጋሼ፤

እንዳልሳሳት ብዬ ሞከርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ሁሉ ሲቆሙ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ትንፋሼን ሰማሁ። ትንፋሼን ስይዘው ምንም አልሰማሁም።

ምንም፣ ጋሼ። ባዶ ነው።

አንተ ምን ትሰማለህ?

(ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ ስለ ሐኪም አላነሳሁም።)

እህትህ


ታኅሣሥ 3

ለእህቴ፤

ቃልሽን ስለጠበቅሽ አመሰግናለሁ፤ አንቺ ስላላነሳሽው እኔው ሄድኩ። ሐኪሟ እንደ ቁም ሳጥን ያለ ክፍል ውስጥ አስገባችኝና ድምፅ በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሳ አለችኝ። አነሳሁ፣ አነሳሁ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ በመስታወቱ ሳያት ጣቷ ቁልፉን እየተጫነ ነው። አየችኝ። ፈገግ አለች። እንደገና ተጫነች። ሴትዮዋ በዚያ ፈገግታዋ ስንት ሰው እንደገደለች እግዜር ይወቅ።

ከላይ ያለው ሄዷል። ሰው ሲያወራ ከቃሉ ጫፍ ጫፉ ይቀርብኛል፤ የስልኩ መስመር ምንም አልሆነም። «ምንድን ነው ሥራህ?» አለችኝ፤ ነገርኳት። «የሮክ ባንድ ውስጥ ነህ ብዬ ነበር» አለች። ይህን ቀልድ ለአንቺ በነፃ ሰጥቼሻለሁ፤ እንደፈለግሽ ተጠቀሚበት።

ምን ትሰማለህ ላልሽው፦ ፉጨት። ቀጭን፣ ከላይ፣ የማያቋርጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት። እህቴ፣ እኔ እኮ ዝምታ ማለት እሱ ነው ብዬ ነበር። ዝምታ የራሱ ድምፅ አለው፣ እሱም ለሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው ብዬ ኮርቼበት ነበር። የሙያ ምስጢር ያልኩሽ እሱ ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ዶ የሚባለውን ድምፅ በእሱ ነበር የምቃኘው፤ ሌላውን ደግሞ ከዚያ ወደ ታች እየለካሁ። ከራሴ ሕመም ጋር አስማምቼ፣ ፒያኒስት አስቀምጬ፣ ጨብጭቡ ስል ነው የኖርኩት። ሦስቱም ፒያኒስቶች ልክ ነበሩ። ከሁሉ የከፋብኝ ይኼ ነው። ሁለት ጣት የሚሰጠው ሳይቀር ልክ ነበር።

ትናንት ለኃላፊዋ ሄጄ ነገርኳት። ሰማችኝና «እንግዲያው ባለ ስልኩን ልጥራው?» አለችኝ። «ከውድድሩ በፊት ሁለት ቀን ስጪኝ፤ ረዳት አመጣለሁ» አልኳት። «የት ነው የተማረው?» «ቶርኖ ማሽን ላይ ናት» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ቢሆንም ሁለቱን ቀን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ አልሆነም ካለች ሳጥኔን እዘጋለሁ፤ አልከራከርም።

ሥራሽ ይኸውልሽ። ከታች ጀምሮ እስካሁን የምሰማውን እኔ እቃኛለሁ። ከላይ ሃያ ቁልፎች ይቀራሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት አውታር አለው። ካልተስማሙ ድምፁ ይወዛወዛል፤ መቁረጫው ብረት ሲደነዝዝ እንደሚወዛወዘው መሆኑ ነው። እኔ መፍቻውን ይዤ አዞራለሁ፤ አንቺ መወዛወዙ ሲቆም እጅሽን ታነሺያለሽ። ከፍ ካለ ከፍ አለ፣ ዝቅ ካለ ዝቅ አለ ትይኛለሽ። እከራከርሻለሁ፤ አትስሚኝ። መድፈኛዎቹን ስላልመለስኩልሽ ይቅርታ። ስመታ አደርጋቸዋለሁ፤ ላንቺም አንድ ጥንድ ይዘሽ ነይ።

ስለ ካልሲው ዋሽቼሻለሁ። ግራጫ ነበር፣ ተረከዙ የተጣፈ። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግርሽን አንስተሽ፣ እንዳይሰማኝ ብለሽ ሳታወርጂው፣ እንደ ሽመላ ቆመሽ አየሁሽ። እስክጨርስ እየጠበቅሽኝ ነበር። ያንን አውታር ጨረስኩ። ከዚያ ሌላ ጀመርኩ።

ታኅሣሥ 8 ጠዋት ሦስት ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው። ወለሉ እንጨት ነው፤ የሚገባ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት ነው የሚራመድበት። ዘበኛው ቀስ በይ ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። ያንን አፍንጫው ብረት የሆነውን የፋብሪካ ጫማሽን አድርገሽ በመሐለኛው መተላለፊያ ነይ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ብትጠሪኝ ላልሰማሽ እችላለሁ፤ እግርሽን ግን እሰማዋለሁ።

እንዳታወልቂው።

ወንድምሽ